አረንጓዴው ክር

ሬሳው የተገኘው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ባለው ሰፊ መንገድ ዳር፣ ክዳኑ በተከፈተ አንድ ማንሆል፣ ኬብል በሚያልፍበት የመንገድ ጉድጓድ ውስጥ። መሰላሉ ወደ ታች ወርዷል። ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ባለ ሞተር አየር መንፊያ ተቀምጧል። ወፍራም ቱቦው ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ሞተሩ ግን ጠፍቷል።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ጨርቁ የቱንም ያህል ቢወፍር በስታ ትወጣለች ለማለት ነው። ስሙን ትወደው ነበር። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጉድጓዱን በንጹሕ አየር ሞልተው «አሁን ይግቡ» ሲሏት፣ መሰላሉን ወርዳ ባትሪዋን የሟቹ ፊት ላይ አበራች። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ መሬት ደግሞ አስቀድማ ተከፍታለች።

አወቀችው። ከሦስት ወር በፊት ከጠረጴዛዋ ማዶ ተቀምጦ፣ ረጃጅም እጆቹን ጉልበቱ ላይ አጣምሮ፣ ለጥያቄዎቿ ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ የሰጣት ሰው ነው። መልሱ ዝምታ ነበር።

ከተማዋ ራሷን «ስማርት ከተማ» ብላ ከጠራች አራት ዓመቷ ነው። የትራፊክ መብራቷ የመኪናውን ብዛት አይቶ ይቀያየራል፤ የውሃ ማጠራቀሚያዋ ሲጎድል ፓምፑ በራሱ ይነሣል፤ አምቡላንስ ሲወጣ መንገዱ ይለቀቅለታል። ይህ ሁሉ ትእዛዝ የሚሄደው ከመሬት በታች በተቀበረ ኬብል፣ ፀጉር በሚያካክሉ የመስታወት ክሮች ውስጥ በሚሮጥ ብርሃን ነው። ፋይበር ይሉታል። ከሦስት ወር በፊት፣ በዚሁ ማንሆል ውስጥ፣ አንድ ክር በስህተት ተቆረጠ። መቆረጥ የነበረበት ሥራ ላይ ያልዋለው ቡናማ ክር ነበር። የተቆረጠው የመስቀለኛውን መንገድ መብራት የሚያዘው አረንጓዴ ሆነ። መብራቱ ጠፋ፤ አውቶቡስና ታክሲ ተላተሙ፤ ተረኛ አድራ ወደ ቤቷ የምትመለስ ነርስ ሞተች። የሥራ ትእዛዙ ላይ የሰፈረው የዚህ ሟች፣ ክሮቹን የሚቆርጠውና የሚቀጥለው የፋይበር «ቀጣይ»፣ ስም ነበር። መርማሪዋ ዝምታውን እንደ እምነት ቃል ቆጥራ፣ በሦስት ቀን ውስጥ «በባለሙያው ቸልተኝነት» ብላ ጽፋ መዝገቡን ዘጋች። ክሱ እስኪታይ ድረስ ሰውየው ከቀጣይነት ተነሥቶ የግምጃ ቤት ዕቃ አቀባይ ተደረገ።

አሁን ጉልበቱን አጥፎ፣ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተኝቷል።

«አየር አጥሮት ነው» አላት ሐኪሙ ከላይ ጎንበስ ብሎ። «ጎኑ ያለው የፍሳሽ ቱቦ ሳይሰነጠቅ አልቀረም፤ መጥፎ አየር ወደዚህ ይገባል። የድብደባ ምልክት የለውም። ሰዓቱን ካልሽኝ፣ አራት ሰዓት ገደማ።»

የክር መቀጠያ ማሽኑ ተጠራርጎ ሣጥኑ ውስጥ ገብቷል፤ ሣጥኑም ተቆልፎ ጥግ ላይ ቆሟል። መርማሪዋ ወለሉን አየች። ዓመታት ያከማቹት አቧራ እንደ ምንጣፍ ወፍሯል፤ ከቱቦው አፍ ሥር ግን ትሪ የሚያህል ክብ ቦታ ተጠርጎ ሲሚንቶው ፈጥጧል። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ የራሳቸውን ቱቦ በሌላው ጥግ ነው ያወረዱት። ክቡን አይታ አይታ ወጣች።

ላይ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ወዝ የጠገበ ኮቱን በትከሻው ላይ ጣል ያደረገው የኬብል መሥሪያ ቤቱ ሾፌር ነው፤ አፉ ስለማያርፍ «ራዲዮ» ይሉታል። ክራባት ያሰረው ዋና መሐንዲሱ ነው። ሦስተኛው ሽበታም ሽማግሌ፣ የቀጣዮች ሁሉ አለቃና አስተማሪ፣ በከተማው «አባባ» የሚባሉ ናቸው። ዓይናቸው ደም መስሏል።

«ራሱን ነው ያጠፋው» አለ ራዲዮ። «ዕቃውን እንኳ ሰብስቦ ነው የሞተው። ሰው እንዲህ የሚሰናዳው ሲቆርጥ ነው።»

«ልጄ ነበር» አሉ አባባ። «ክር መያዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሐፍረቱን አልቻለውም።»

ሐፍረት የሚለው ቃል መርማሪዋን ጎኗን ወጋት። ዋና መሐንዲሱን ብቻ ይዛ እንደገና ወረደች።

«ይህን ያንብቡልኝ» አለችው፣ ክሮቹ የተጠመጠሙበትን ጠፍጣፋ ትሪ እያሳየች። «እኔ ከዚህ ውስጥ ገመዱን ከድሩ አልለይም።»

መሐንዲሱ መነጽሩን አስተካክሎ ጎንበስ እንዳለ ወዲያው ቀና አለ። «ኧረ በሕግ! አረንጓዴው ከቡናማው፣ ቡናማው ከአረንጓዴው ጋር ተቀጥሏል። ደንቡ አረንጓዴ ከአረንጓዴ፣ ቡናማ ከቡናማ ነው። እነዚህ የሌላ ኬብል፣ የሁለት ካሜራ ክሮች ናቸው። ቅጥሉም የዛሬ ነው፤ ገና ያብረቀርቃል።» ትንሽ አሰበና ራሱን ነቀነቀ። «ያኔም ያጠፋው ይህንኑ ነው። አረንጓዴን ቡናማ ነው ብሎ ቆረጠ። ሰውየው ዛሬም ደገመው ማለት ነው።»

«ዛሬ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት እርስዎ የት ነበሩ?»

መሐንዲሱ ፊቱ ቀላ። «የግድ ነው?»

«የግድ ነው።»

«ሌላ መሥሪያ ቤት የሥራ ፈተና ላይ ተቀምጬ ነበር። አምስት ፈታኞች አሉ፤ ይጠይቋቸው። ይህ ጉድ ከደረሰ ወዲህ ሠራተኞቼን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል። ጥዬ ልሸሽ ነበር፤ ይኸው።»

ራዲዮ መኪናው ውስጥ ብቻውን ሲቀር እንደ ስሙ አልሆነም። መሪውን በጥፍሩ እየቧጠጠ ቆየ።

«ጠዋት ያመጣኸው አንተ ነህ?» አለችው መርማሪዋ ጎኑ ተቀምጣ።

«ማን አለዎት?»

«ማንሆል መክፈቻውም፣ ይህ ሁሉ ዕቃም በእግሩ አልመጣም።»

«ሦስት ሰዓት ላይ አወረድኩት። ጉድጓድ እንዳይገባ ተከልክሎ ሳለ እኔ ዕቃ አውጥቼ ሰጠሁት። ታንኩንም በእጄ ጢም አድርጌ ሞላሁለት። ትራፊክ ፖሊሱ ‹ንዳ› ሲለኝ መንፊያውን ሲያስነሣ እንኳ ሳላይ ሄድኩ። ስድስት ተኩል ላይ ልወስደው ስመለስ…» መሪውን ጨበጠ። «እሺ ያልኩት ለምን እንደሆነ ልንገርዎት? ስሙ ‹ሎጋው› ነበር። ከአደጋው በኋላ ለቀልድ ብዬ ‹ጨለማው› አልኩት። ሁሉም ሳቀ፤ ሁሉም ያዘው። ሻይ ቤት ገብቶ ‹ጨለማው መጣ› ሲባል አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣኝም። ምላሴን ቆርጬ በጣልኩት! ዛሬ ‹ስሜን ላጠራ ነው፣ አድርሰኝ› ሲለኝ በምን አንጀቴ እምቢ ልበለው?»

«ብቻውን ነበር?»

«‹ላይ የሚቆምልኝ ሰው ይመጣል› ብሎኛል። ማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። እዩልኝ፤ ስለማይመለከተኝ ሁሉ ስለፈልፍ ኖሬ፣ መጠየቅ ባለብኝ ቀን አፌ ተዘጋ።»

መርማሪዋ ወርዳ የመንፊያውን ታንክ ክዳን ከፈተችና ቀጭን እንጨት ነከረች። ነዳጁ ከአፉ ሦስት ጣት ዝቅ ብሏል። ሞተሩ ሠርቷል፤ ብዙ ግን አልሠራም።

መቆጣጠሪያ ክፍሉ በአንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ ስክሪን ነው፤ ስክሪኑም በትናንሽ ሣጥኖች ተከፋፍሎ ከተማዋን በሙሉ ያሳያል። እያንዳንዱ ሣጥን ሥር የቦታው ስም ተጽፏል። ተቆጣጣሪዋ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ አብረዋት ሁለት ባልደረቦች ተቀምጠዋል፤ ከጠዋት ጀምሮ ከወንበሯ እንዳልተነሣች መሰከሩላት።

መርማሪዋ ወዲያው አልጠየቀቻትም። ግድግዳውን ስታይ ቆየችና ጣቷን ቀሰረች። «ሆስፒታል በር ላይ ዳቦ መሸጥ የተጀመረው መቼ ነው?»

ልጅቷ ዞር አለች። «የሆስፒታል በር» የሚለው ሣጥን ውስጥ ሰዎች ለዳቦ ተሰልፈዋል። «የዳቦ ቤት መንገድ» በሚለው ውስጥ ደግሞ አምቡላንስ ቆሟል።

«ተለዋውጠዋል። የሲስተም ስህተት ነው ብዬ ትቼው ነበር» አለች። «ሁለቱም ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ጠፉ፤ አራት ተኩል ካለፈ በኋላ ሲመለሱ እንዲህ ሆነው መጡ።»

«ሲጠፉ ለማን ነገርሽ?»

«ለአባባ ደወልኩላቸው። ‹ሰው እልካለሁ፣ አትጨነቂ› አሉኝ። ሞተሩ ጆሮዬ ላይ እየጮኸ አላሰማ ስላለኝ ሁለት ሦስቴ ነው የደጋገምኩላቸው።»

«ከዚያ በፊትስ የደወለልሽ የለም?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እንባዋ የጠረጴዛው መስታወት ላይ ጠብ አለ። «እሱ ደውሎ ነበር። ሦስት ተኩል ላይ። ‹ሁለት ካሜራ ላጠፋ ነው፣ እንዳትደነግጪ…› ሲል ድምፁን ሳውቅ ዘጋሁበት። የሞተችው ነርስ የጎረቤታችን ልጅ ናት። እኔ… ያን ያህል ክፉ የሆንኩበት ቀን የለም።»

መርማሪዋ ልታጽናናት ፈለገች። ግን ልጅቷ ያንን ሰው የጠላችው በማን ጽሑፍ እንደሆነ ስታስብ፣ ማስታወሻዋን አጥፋ ወጣች።

ወደ አባባ ግምጃ ቤት ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። የኬብል ጥቅልሎች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፤ በየጥቅልሉ ላይ በወፍራም ጥቁር ቀለም ቁጥር ተጽፏል። በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ሦስት ሰልጣኞች ክር እየዘረጉ በየተራ ይጮኻሉ፤ «ሰማያዊ! ብርቱካን! አረንጓዴ! ቡናማ!»

«እንዲህ ጮክ ብለው ካልጠሩ አእምሯቸው ያንቀላፋል» አሉ አባባ፣ ከባድ ጥቅልል ከመሬት አንሥተው መደርደሪያ ላይ እያስቀመጡ። «ቀለም ያረጃል፤ ቁጥር አያረጅም፤ ተጠራጥሮ የጠራ አይሳሳትም። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ይህንን ነው። ጡረታዬ ሁለት ወር ነው የቀረው፤ በልጄ ሬሳ ልሸኝ ኖሯል?»

ሰልጣኞቹን አስወጥታ ወንበር ሳበች። «አባባ፣ ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ከሁለት ሰዓት እስክትጠሩኝ ድረስ።»

«ብቻዎን?»

«ሰልጣኞቹ ከሰዓት ነው የሚገቡት። ሌሎቹ ቀጣዮች ከከተማ ውጭ ናቸው። ለብቻዬ ነበርኩ፣ ልጄ።»

መርማሪዋ አካባቢውን ቃኘች። ሞተር የሚባል ነገር የለም፤ መስኮቱም የሚከፈተው ወደ ጸጥተኛ ግቢ ነው። ጠረጴዛው ላይ፣ በእሳቸው በኩል፣ ሁለት የወረቀት አቃፊዎች ተቀምጠዋል። አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቡናማ ነው።

«የሟቹ የሥራ ትእዛዝ አረንጓዴው ውስጥ ነው ብለውኛል። ቢያቀብሉኝ?»

አባባ አቃፊዎቹን አዩ። እጃቸው ተነሥቶ አየር ላይ ቀረና ወገባቸው ላይ አረፈ። «ወገቤን ይዞኛል፤ አንቺው ተነሽና ውሰጂ።»

ተነሥታ ወሰደች። ትዝ ያላት ቅድም ያነሡት ከባድ ጥቅልል ነው።

የሟቹ ሚስት ልብስ ሰፊ ናት። ቤቷ አንድ ክፍል ሆኖ ግማሹ መኝታ፣ ግማሹ የስፌት ቦታ ነው። ዘመዶቿ በር ላይ ተሰብስበዋል፤ እሷ ግን ስፌት መኪናው ፊት ቁጭ ብላለች፤ አታለቅስም።

«ጠዋት ምን አለሽ?» አለች መርማሪዋ።

«‹ዛሬ ያበቃል› አለኝ። ምን እንደሚያበቃ አልጠየቅኩም። ሦስት ወር ሙሉ በቅጡ አናግሬው አላውቅም።» መርማሪዋን ቀና ብላ ሳታይ ቀጠለች። «ልጆቼን ትምህርት ቤት ‹የገዳይ ልጆች› አሏቸው። እኔም ‹ከእንግዲህ አትሸኛቸው፣ እኔ እሸኛለሁ› አልኩት። እሺ አለ። ከዚያ ወዲያ በመስኮት ነው የሚያያቸው የነበረው።»

ግድግዳው ላይ በተሰቀለ ጣውላ ብዙ የክር ጥቅልሎች ተሰክተዋል፤ አረንጓዴው ብቻ ከአሥር ዓይነት በላይ ነው፤ ከጥቁሩ እስከ ገርጣው በተርታ ወርዷል።

«ይህን ማን ደረደረው?»

«እሱ። ደንበኛ ጨርቅ ስታመጣ ክር የሚመርጥልኝ እሱ ነበር። እኔ ሁለቱን አንድ ነው ስል ‹አንዱ ጥቂት ቢጫ አለበት› ይለኛል። ኩራዝ አብርቶ እንኳ አይስትም።»

መርማሪዋ የአረንጓዴውን ተርታ ከላይ እስከ ታች በጣቷ ተከተለች። ይህ ሰው አረንጓዴን ከቡናማ ሊያምታታ አይችልም። ዛሬም፣ ያኔም። ያኔ ይህን ቤት አንድ ቀን መጥታ ብታንኳኳ ኖሮ ይህን ጣውላ ታይ ነበር። አልመጣችም። ሦስት ቀን በቅቷት ነበር።

አንድ አረንጓዴና አንድ ቡናማ ጥቅልል በውሰት ጠየቀችና ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዋና መሐንዲሱ፣ ራዲዮ፣ ተቆጣጣሪዋና አባባ ጠረጴዛውን ከበው ተቀመጡ። የሟቹ ሚስት ከል ለብሳ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ከኋላ ሁለት ፖሊሶች ቆሙ። ስክሪኑ ላይ ሁለቱ ሣጥኖች እንደተለዋወጡ ናቸው፤ መርማሪዋ እንዳይነኩ አዛለች።

«ራሱን አጠፋ ተብሏል» ብላ ጀመረች። «ሐፍረት ገደለው፣ አየር መንፊያውን ሳያስነሣ ወረደ፣ ተባለ። እኔ ግን ወለሉን አይቻለሁ። ከቱቦው ሥር ያለው አቧራ ተጠርጓል። ታንኩ ጢም ብሎ ነበር፤ ሦስት ጣት ጎድሏል። መንፊያው ሠርቷል ማለት ነው። ማጥፊያው ያለው ላይ፣ መንገዱ ዳር ነው። ታች የሞተ ሰው፣ ላይ ያለውን ሞተር አያጠፋም።»

«ነዳጅ ባይጨርስም ሞተሩ በራሱ ሊቆም ይችላል» አለ መሐንዲሱ።

«ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ገመዱን አንዴ ስቤ አስነሣሁት፤ እስካስቆመው ድረስ አልቆመም። ይህ አንድ። ሁለተኛ፣ ሁለቱ ካሜራዎች ሦስት ከአርባ ላይ ጠፉ። ያጠፋቸው ሟቹ ነው፤ እንደሚያጠፋቸውም አስቀድሞ ደውሎ ነበር።» ተቆጣጣሪዋ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። «ሐኪሙ አራት ሰዓት ገደማ ሞተ ይላል። ካሜራዎቹ ግን ከአራት ተኩል በኋላ ተመለሱ። ሟች ተነሥቶ ክር አይቀጥልም። ስለዚህ ሌላ ሰው መንፊያውን አጥፍቶ ጠበቀ፤ ሰውየው ሲሞት መልሶ አስነሥቶ ወረደ፤ ሬሳውን ተሻግሮ ተቀመጠ፤ ክሮቹን ቀጠለ፤ ማሽኑን ጠርጎ ሣጥን ውስጥ ከተተ፤ ወጥቶ ሞተሩን እንደገና አጠፋ።»

«ለምን ይቀጥለዋል?» አለ ራዲዮ። «ጥሎ አይጠፋም?»

«ስክሪኑ ላይ የጠቆሩ ሁለት ሣጥኖች ሰው ይጠራሉ። ሬሳው ቶሎ እንዲገኝ አልፈለገም።» መርማሪዋ ወደ መሐንዲሱ ዞረች። «በዚህ ክፍል ውስጥ ክር መቀጠል የሚችለው ማነው?»

«እኔ። ተቆጣጣሪዋ ሰልጥናለች። አባባ።»

«ተቆጣጣሪዋ ከወንበሯ አልተነሣችም። እርስዎን አምስት ፈታኞች አይተውዎታል። ደግሞም ትሪውን እንዳዩ አረንጓዴው ከቡናማው ጋር መቀጠሉን በአንድ አፍታ ለዩ። ያንን የቀጠለው ሰው ግን አልለየም፤ አይለይምም። እጁ የሠላሳ ዓመት እጅ ነው፤ ቅጥሉ እንከን የለውም። ዓይኑ ነው ያልረዳው።»

ሁሉም ወደ አባባ ላለማየት ሲታገል ሁሉም አያቸው።

«ተቆጣጣሪዋ ስትደውልልዎት ሞተር ይጮህ ነበር፣ አባባ። ግምጃ ቤትዎ ውስጥ ሞተር የለም።»

«መኪና አልፎ ይሆናል» አሉ አባባ ቀስ ብለው።

«ይሁን። ሰልጣኞችዎን ቀለሙን እንዲጠሩልዎ ያደርጋሉ፤ ጥቅልሉን ሁሉ በቁጥር ይለያሉ። ጥቅልል ያነሣ ወገብ አቃፊ ማንሣት አቃተው።» መርማሪዋ ከኪሷ ሁለቱን የስፌት ክሮች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ፊታቸው አስቀመጠች። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ተሳስቼ ከሆነ እዚሁ ሁሉም ፊት ጫማዎን ስሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አረንጓዴውን ያንሡልኝ።»

አባባ ሁለቱን ጥቅልሎች አዩ። አንዱን ሊያነሡ ጣታቸውን ላኩ፣ መለሱ፣ ወደ ሌላው ላኩ። ከዚያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ጣሉት።

«እሱም እንዲሁ ነው ያደረገኝ» አሉ።

የሟቹ ሚስት ከወንበሯ በግማሽ ተነሣች።

«ስድስት ዓመቴ ነበር» አሉ አባባ፣ ለማንም ሳይሆን ለጠረጴዛው። «አስተማሪያችን ሣር ሥሉ አለን። ሥዬ ቀባሁ። ወረቀቱን ከፍ አድርጎ አሳያቸው፤ ሣሩን ቡናማ አድርጌዋለሁ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲያ የቀለም ስም ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ሥራውን በተራ ቁጥር ያዝኩት፤ ሦስተኛው አረንጓዴ፣ አራተኛው ቡናማ። ልጆቹ ይጠሩልኛል፣ እኔ እሠራለሁ። ሠላሳ ዓመት! የአደጋው ቀን እሱ ማሽን ሊያመጣ ወጣ። ክሮቹ ከትሪው ወጥተው ተደባልቀው ነበር። መጠበቅ ነበረብኝ። ቆረጥኩ።»

«እሱስ ለምን ዝም አለ?» አለች መርማሪዋ፤ መልሱን እየፈራች።

«ለመንኩት። ‹ሳምንት ስጠኝ፣ ራሴ እናገራለሁ› አልኩት። እንደ አባት ነበር የሚያየኝ። ሳምንቱ ወር ሆነ፤ ወሩ ሦስት። በየቀኑ ‹ጨለማው› ሲሉት እሰማለሁ፤ ሰምቼ እንዳልሰማ አልፋለሁ። ትናንት ወደ ጉድጓዱ ጠራኝ። ሁለቱን ክር ቆርጦ ያዘልኝና ‹አረንጓዴውን ምረጥ፤ ከለየህ ጥፋቱን ይዤው እሞታለሁ፤ ካልለየህ ነገ አብረን ፖሊስ ዘንድ እንሄዳለን› አለኝ። አልለየሁም። አልሰደበኝም። ‹አይዞህ፣ አብሬህ እቆማለሁ› አለኝ። አብሬህ እቆማለሁ! እኔ ላይ ወጣሁ፤ እሱ ሊቀጥል ቀረ።»

«ሞተሩን አጠፉት።»

«አጠፋሁት። ‹ምን ሆነ?› ብሎ ጮኸ። ‹ነዳጅ አልቆ ነው፣ ልሞላ ነው፣ ጠብቅ› አልኩት።» ጥቅልሎቹን ከፊታቸው ገፉ። «ጠበቀኝ።»

ራዲዮ ግንባሩን በጡጫው ይመታል። ግድግዳው ላይ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ የተሰለፉት ሰዎች አንድ እርምጃ ወደፊት ተጠጉ።

ፖሊሶቹ ካቴና ሲያወጡ አባባ ቀና ብለው መርማሪዋን አዩ። «ልጄ፣ ሰልጣኞቹ ዛሬ ተከትለውኝ መጥተው ፊት ለፊት በር ላይ እየጠበቁኝ ነው። በጓሮ አውጪኝ። እንዳያዩኝ።»

መርማሪዋ ለአፍታ አመነታች። የሰውዬውን ሐፍረት ታውቀዋለች፤ ከትናንት ጀምሮ የራሷ ሆድ ውስጥ ተቀምጧል። «ሰው የገደለው ይኸው መደበቅ ነው፣ አባባ» አለች። «በፊት ለፊት እንውጣ።»

በፊት ለፊት ወሰዷቸው። ሰልጣኞቹ ደረጃው ላይ ግራና ቀኝ ቆመው አሳለፏቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ፣ ምን እንደተፈጠረ ሳያውቅ፣ ኮፍያውን አውልቆ እጅ ነሣ። አባባ ያን ጊዜ አለቀሱ።

ክፍሉ ባዶ ሲሆን የሟቹ ሚስት አልተነሣችም። ክሮቿን ከጠረጴዛው አንሥታ መዳፏ ውስጥ ይዛለች። መርማሪዋ አጠገቧ ሄዳ ቆመች፤ መቀመጥ አልደፈረችም።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ይገባል» አለች። «የፊተኛውን መዝገብ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሱ ዝም ሲል አልተጠራጠርኩም፤ ሥራ ቀለለልኝ ብዬ ነው የዘጋሁት። ዛሬ ራሴ አስከፍቼዋለሁ፤ መሳሳቴንም በስሜ እጽፋለሁ። የነርሷም ቤተሰብ ከእኔ አፍ ይሰማዋል። እሱን ግን አይመልሰውም።»

ሴትዮዋ ክሮቹን መዳፏ ውስጥ አገላበጠች።

«ስምሽን አውቀዋለሁ» አለች። «የመዝገቡን ግልባጭ ቤት ልካችሁልን ነበር። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ሳነበው ያየኝ ነበር። ‹ይህን ሠርተሃል ወይ?› ብዬ አንድ ጊዜ ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር፤ እኔን ዋሽቶኝ አያውቅም።» ክሮቹን ጨብጣ ደረቷ ላይ አስጠጋቻቸው። «አልጠየቅኩትም። አሥራ አራት ዓመት አብሮኝ ከኖረው ሰው ይልቅ ያንቺን ወረቀት አመንኩ።»

መርማሪዋ ዝቅ ብላ ወለሉ ላይ፣ ከሴትዮዋ እግር አጠገብ ተቀመጠች።